ራሳቸው ለተወዳደሩበት ሥራ እኔን ያዘጋጁኝ ጋሽ መስፍን

ውሸት መስሎኝ ነበር። አሁንም ውሸት ነው የሚለኝ ሰው ባገኝ ደስ ይለኛል።

ዛሬ ጠዋት እያስተማርኩ ነበር። የርቀት ተማሪዎቼ ቴሌግራም ላይ ገብተው ስለ ሥራ ቃለ መጠይቅ እየነገርኳቸው ሳለ የሙጃዋ ሰርካለም ከታች ጻፈች፦ «ቲቸር፣ ጋሽ መስፍን አረፉ የሚባለው እውነት ነው?»

«ያልተረጋገጠ ወሬ ግሩፕ ላይ አይጻፍም» ብዬ ተቆጣኋት። ትምህርቱንም ቀጠልኩ። ስጨርስ ስልካቸው ላይ ደወልኩ። ያነሳው ሰው ያለቅስ ነበር፤ ሌላ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ሰርኬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ መስፍን የላሊበላ አስጎብኚ ነበሩ። ቱሪስቱ ሲጠፋ እዚያው ላሊበላ ባለው የዩኒቨርሲቲያችን የርቀት ትምህርት ማዕከል በኮንትራት ተቀጠሩ። ሥራቸው እኛን፣ የያኔዎቹን የርቀት ተማሪዎች፣ ለሥራ ማብቃት ነበር፤ ሲቪ ያስተካክላሉ፣ ማስታወቂያ ይጠቁማሉ፣ ለቃለ መጠይቅ ያለማምዳሉ። አብዛኛውን በስልክ። ኔትወርክ ተቋርጦ ሲመለስ ካቆምንበት አይቀጥሉም፤ «እንደገና ከሰላምታው» ይላሉ።

እኔን ያለማመዱኝ ኩልመስክ እናቴ ቤት ሆኜ ነው። እሳቸው ኮስታራ ቀጣሪ ይሆናሉ።

«አንቺን ለምንድን ነው የምንቀጥረው?» ብለው ሲጮኹብኝ፣ «እንግዲህ… ብዙም አልችልም፣ ግን…» ብዬ ጀመርኩ።

«ተይ! ተይ! የማትችይውን እነሱ ይፈልጉት፤ አንቺ የምትችይውን ንገሪያቸው!»

ይቺን ከሳቸው አፍ ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም።

እናቴ ጩኸቱን ሰምታ ከጓሮ መጣችና ስልኩን ከእጄ ቀማችኝ።

«ማነህ አንተ ልጄን የምትቆጣት?»

«ለሥራ እያዘጋጀኋት ነው እናቴ።»

«ገና ሳትቀጠር የምትጮህባት፣ ስትቀጠርማ ምን ልታደርጋት ነው?»

ጋሽ መስፍን ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ከዚያ ወዲያ በደወሉ ቁጥር አስቀድመው እናቴን ያስጠሩና «ዛሬም ልቆጣት ነው፤ ይፈቀድልኛል?» ይሉ ነበር።

ያ ሁሉ ልምምድ ለአንድ ቦታ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከርቀት የሚያስተምርና ተማሪዎችን በሥራ ፍለጋ የሚያግዝ ቋሚ ሠራተኛ አወዳደረ። ማስታወቂያውን የላኩልኝ እሳቸው ናቸው።

ፈታኞቹ በቪዲዮ ስለሆኑ ደህና ኔትወርክ ፍለጋ ላሊበላ ማዕከሉ ሄድኩ። ጋሽ መስፍን ኮት ለብሰው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሊያበረታቱኝ የመጡ መስሎኝ ደስ አለኝ። «ቁርስ በልተሻል?» አሉኝ። ወዲያው በሩ ተከፈተና ስም ተጠራ።

የሳቸው ስም።

በኮንትራት ሲሠሩት ለኖሩት ሥራ እሳቸውም አመልክተው ነበር። አንድም ቀን አልነገሩኝም። ሲገቡ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ሲወጡ ማዳመጫቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። «ያንቺው ይንጫጫል፤ በዚህ ግቢ።»

ገባሁ። እሳቸው ያስተማሩኝን፣ በሳቸው ማዳመጫ እየሰማሁ መለስኩ።

ያለፍኩት እኔ ነኝ።

ደውዬ «ልተወው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ብትተይው ነው የምቀየምሽ» አሉኝ።

እውነቱን ልናገር? እምቢ እንደሚሉኝ አውቄ ነው የጠየቅኳቸው።

ኮንትራታቸው ሲያልቅ አልታደሰም፤ ወደ ማስጎብኘቱ ተመለሱ። ተማሪው ግን መደወሉን አልተወም። ተማሪው ብቻም አይደለም። እኔም ፈርቶ ድምፁ አልወጣ የሚለውን፣ አስር ጊዜ ወድቆ ተስፋ የቆረጠውን «ጋሽ መስፍን ጋ ደውል» እያልኩ እልክ ነበር። ደመወዙ የኔ፣ ድካሙ የሳቸው። ሁልጊዜ «እሺ ላኪልኝ» ነው መልሳቸው።

ከኩልመስክ ላሊበላ ሩቅ ሆኖ አይደለም። ሄጄ ልጠይቃቸው ግን ለበዓል፣ ለበዓል እያልኩ ነው የቀረሁት።

ሰርካለምን ለቃለ መጠይቅ እንዲያለማምዷት የላክሁባቸው ባለፈው ሳምንት ነው። ዛሬ ይቅርታ ልላት ስደውል እያለቀሰች ነገረችኝ።

«ቲቸር፣ በጣም ያስላቸው ነበር። ‹ሌላ ቀን ይሁን ጋሼ› ብላቸው ‹ፈተናው ሌላ ቀን ይሁንልሽ ይሉሻል?› አሉኝ። ባለቤታቸው ከጎን ሆነው ‹ኧረ ይብቃህ፣ ተኛ› ሲሏቸው ይሰማኝ ነበር። እሳቸው ግን እስክጨርስ አልዘጉትም።»

በማግስቱ ሆስፒታል ገቡ። የሳንባ ምች ነው አሉ። እኔ መታመማቸውን እንኳን አላወቅሁም። የሰርካለም የቃለ መጠይቅ ውጤት ገና አልመጣም።

ኮሜንት ላይ «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» እንዳትሉኝ፤ እሱን አልፈልግም። ይልቅ ጋሽ መስፍን ያዘጋጇችሁ ካላችሁ አሁን የት እንደምትሠሩ ጻፉልኝ። ለባለቤታቸው ለእትዬ ዘውዴ አነብላቸዋለሁ።

ጋሽዬ፣ ነገ በመጀመሪያው መኪና ለቀብርዎ እመጣለሁ። እትዬ ዘውዴ ፊት ምን ብዬ እንደምቆም አላውቅም፤ አፌ ላይ የሚመጣው ሁሉ ሰበብ ሰበብ ይለኛል። ዝም ብዬ ከአልቃሹ መሀል እቀመጣለሁ።

ይቅር ይበሉኝ እንዳልል፣ እርስዎ መቼ ተቀይመውኝ ያውቃሉ? ትንሽ እንኳን ተቀይመውኝ ቢሆን ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

ደህና ይሁኑ ጋሽዬ። አሁን ይረፉ። ከእንግዲህ ማንንም አልክብዎትም።