በሰርግ ቪዲዮ ቤት የተቆረጠው ገበያ

ድሮ አንድ ሚስዮናዊ ነቀምቴ ገበያ ላይ ያነሣው ድምፅ አልባ ፊልም ቅጂ እጄ ሲገባ ኮምፒውተሬ አልከፍት አለኝ። ጨለለቂ ሰፈር ሰርግ የሚቀርጽ አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ ፍላሹን ለእሱ ሰጠሁት። የጠየቅሁት ፋይሉን እንዲቀይርልኝ ብቻ ነው።

ፊልሙን ከእኔ ይልቅ የሚጠብቁት ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ አናጢ ነበሩ። እናታቸው በዚያ ገበያ ቅቤ ትሸጥ ነበር። የሞተችው እሳቸው ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው ነው። ፎቶ የላትም፤ መልኳም ከጠፋባቸው ቆይቷል። ፊልሙ የተነሣው ደግሞ ከመሞቷ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌውን በባጃጅ ይዣቸው ሄድኩ። ስክሪኑ ላይ የኪቦርድ ሙዚቃ ተጀመረ። ከላይ ጽጌረዳ ይዘንባል። አንዲት በቅሎ ቀስ ብላ አለፈች፤ እንደገና አለፈች፤ ለሦስተኛ ጊዜም አለፈች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ። እኔ የሰጠሁት አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር።

"ሌላው የት ሄደ?" አልኩት።

"ቆረጥኩት ጋሼ። ሰዎቹ ዝም ብለው ይሄዳሉ፣ ይቀመጣሉ። አንድም የሚስቅ የለም። ካሜራውንም አያዩም።"

"ሙዚቃውስ?"

"ድምፁ ተበላሽቶ መስሎኝ ነው። ፍላሹንም አጥፍቼ ያለቀለትን ጫንኩልህ።"

በታሪክ አጥኚነት ሥራዬ ማስረጃ የሚያጠፉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሁሉም ቢያንስ ጥፋታቸውን ያውቁ ነበር። ይሄኛው ምስጋና ይጠብቃል።

"ኢልመ ኮ" አሉት ሽማግሌው፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ገበያተኛ ሁሉ ካሜራ እያየ ሲስቅ ቢውል ማን ይሸጣል?"

ሳቀና የቆረጣቸውን መፈለግ ጀመረ። ደግነቱ ከኮምፒውተሩ አላጠፋቸውም። ቅደም ተከተላቸው ተዘበራርቋል፤ ግን ሙዚቃ የለባቸውም። ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ ሳቡ። በአራተኛው ቁራጭ የቅቤ ተራው መጣ፤ ሴቶች ቅላቸውን በቅጠል ሸፍነው ተደርድረዋል። ፊታቸው በደንብ ይታያል።

"አቁመው" አሉ። ሴቶቹን አንድ በአንድ አዩ።

"አገኟት?" አልኩ።

"አላወቅኋትም።"

ማስታወሻዬ ላይ "አልተለየችም" ብዬ ጻፍኩ።

ሽማግሌው ቀራጩን አሳዘኑት መሰለኝ፣ እጁን ወደ ማውሱ ሰደደ። "አባባ፣ የትኛዋን ላጉላልዎት?"

"አንዷንም። ከእነዚህ አንዷ ትሆናለች። ሁሉንም እንዳሉ ስጠኝ።"