ከማድ ቤቱ በጀት የተሰረዘው መስመር

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ስህተቴ የመደመርና የመቀነስ ስህተት እንዳልነበር እንዲታወቅልኝ ነው። ደብተሬ ላይ ያለው ድምር ሁሉ ዛሬም ትክክል ነው።

እናቴ ያሳደገችኝም ያስተማረችኝም ዓሣ ጠብሳ ነው። ጠዋት ጣና ዳር ወርዳ ከአስጋሪዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ትገዛለች፤ በስድስት ሰዓት ለሚመጡት ምሳ በላተኞች ጓሮ ትጠብሳለች። ፋሲሎ ሰፈር ካለው ቤታችን ጀርባ ከቆርቆሮና ከባሕር ዛፍ አጠና የተሠራ ማድ ቤት ነበራት። መስኮት የለውም። ከዘይቱና ከእርጥብ እንጨቱ ጭስ የተነሣ ግድግዳው ጠቁሮ ያብረቀርቅ ነበር። እኔ ሣህን ላቀብል ገብቼ ዓይኔን እያሸሁ ስወጣ ትስቅብኛለች። «አንች ደሞዝተኛ ነሽ፣ ጭስ የት ታውቂና!» ትለኛለች።

የእሷም ዓይን ግን ደኅና አልነበረም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በርጩማዋን ፀሐይ ወዳለበት ስባ ትቀመጥና፣ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ያሠረችውን ወረንጦ ፈትታ ትሰጠኛለች። የሽፋሽፍቷ ጠጉር ወደ ውስጥ እየታጠፈ ይወጋታል፤ እኔ አንድ በአንድ እነቅልላታለሁ። እሷም በልጅነቷ፣ ቆላ ድባ አጠገብ ባለው መንደራቸው፣ ለእናቷ እንዲሁ ስትነቅል ነው ያደገችው። በእኛ ቤት ወረንጦ እንደ ማበጠሪያ ነው፣ የበሽታ ዕቃ ነው ብሎ የሚያስብ የለም። ዓይን ለምን ያለቅሳል? ከጭስ። ለምን ይቀላል? ከጭስ። እኔም ችግሩን እንደ አስተማሪ ፈታሁት፤ ጭሱን ካስቀረሁ ዓይኗ ይድናል።

እንዲህ ነው የአዲሱ ማድ ቤት ነገር የተጀመረው። ዕቃ ማከማቻ የነበረውን የቤታችንን ክፍል ባዶ አደረግሁና ደብተር ገዝቼ በጀት ጻፍኩ። ካቢኔት፣ ግራናይት፣ የዕቃ ማጠቢያ ሲንክ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሴራሚክ፣ የቧንቧና የመብራት መስመር፣ የገጣጣሚ ዋጋ። ከሁሉ በታች ደግሞ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ የእማዬ ዓይን፣ ምርመራና መድኃኒት፣ አምስት ሺህ ብር። ገንዘቡ ስንት እንደሚሆን ማንንም አልጠየቅሁም። ከራሴ ገምቼ ጻፍኩት።

ካቢኔቱን የሚሠራልን አናጢ ሜትሩን ዘርግቶ ግድግዳውን ሲለካ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር። ወይም የምታየው መስሎኝ ነበር። በወሩ ዋጋውን ቀይሮ መጣ።

«ዶላር ጨመረ፣ ቲቸር» አለኝ።

«ዶላር ከእኔ ማድ ቤት ምን አለው?»

«ግራናይቱ ላይ ነው የጨመረው። በሲሚንቶ እንሥራው ካልሽ ይቀንስልሻል።»

እናቴ ወዲያው ተቀበለችው። «እውነቱን ነው። ዓሣ በሲሚንቶ ላይ አይከተፍም ያለሽ ማን ነው? ተይው ግራናይቱን» አለች።

እኔ ግን አልተውም አልኩ። አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ ቤት ጥቁር ግራናይት አይቼ ልቤ ሄዷል። እውነቱን ዛሬ ልናገረውና፣ ግራናይቱን የፈለግሁት ለእናቴ አልነበረም። ሰው ቤቴ መጥቶ እጁን ሲያሳርፍበት እንዲያደንቀኝ ነው። እናቴ ግራናይት አማረኝ ብላ አታውቅም።

ማታ ደብተሩን ዘርግቼ ቀለል የሚል መስመር ፈለግሁ። ምድጃው አይቀነስም። ቧንቧው አይቀነስም። ዓይኔ የመጨረሻው መስመር ላይ አረፈ።

«እማዬ፣ ዓይንሽን ከማድ ቤቱ በፊት እንታየው ወይስ በኋላ?»

«ዓይኔ ምን ሆነ? ጭሱ ነው እንጅ። ጭሱ ሲቀር አብሮ ይቀራል። ይልቅ ማድ ቤቱን ቶሎ ጨርሽው» አለች።

መልሱን የፈለግሁት እንደዚያ እንዲሆን ስለነበር ሁለተኛ አልጠየቅሁም። ማስመሪያ አስደግፌ መስመሩን በቀጥታ ሰረዝኩት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ሳስታውስ በራሴ እናደዳለሁ። ዓሣው በአንድ ጎኑ ያርርባት ጀመር፤ ዘይቱ ነው አልኩ። የብር ኖቶቹን በጣቷ እየዳሰሰች ትቆጥራለች፤ ልማዷ ነው አልኩ። አንድ ቀን የማድ ቤቱ በር ላይ ግንባሯን ተመታ። እሑድ እሑድ ወረንጦውን መስጠት ተወችና ራሷ በዳሰሳ መንቀል ጀመረች። እኔ ፈተና የማርምበት ጊዜ ስለነበር እፎይ አልኩ። አዎ፣ እፎይ ነው ያልኩት።

ሥራው ሊያልቅ ሲል እናቴ የዘመድ ተዝካር ደርሶባት ወደ ቆላ ድባ ሄደች። እግረ መንገዴን ሁለት ሳምንት ልቆይ አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ስትመለስ ሁሉን ጨርሼ ላስደንቃት ነው። የቀረኝ የገጣጣሚውና የመብራት መስመሩ ክፍያ ነበር፣ እሱ ላይ ገንዘብ አጠረኝ። አናጢው ጓሮውን ዞር ብሎ አየና መላ አመጣ።

«ይህን አሮጌውንስ ምን ታደርጊዋለሽ? ሐሙሲት ላይ ሱቅ የሚሠራ ሰው አለ። ቆርቆሮውንም አጠናውንም አንሥቶ ይወስድልሻል።»

ስምንት ሺህ ብር ተስማማን። ሰውዬው በጭነት መኪና መጥቶ በግማሽ ቀን አፈረሰው። የቀረው ጥቁር አመድና ሦስት ጉልቻ ብቻ ነበር፣ አመዱን ራሴ ጠረግሁት። በነጋታው ምድጃው ተገጠመ፤ ግራናይቱም በቦታው ዋለ። ድምሩ ልክ መጣ፤ አንድ ብር አልተረፈም፣ አንድ ብር አልጎደለም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በሥራዬ የኮራሁበት ጊዜ የለም።

እናቴን ልቀበል መናኸሪያ ሄድኩ። ከአውቶቡሱ የወረደችው በዘመዳችን እጅ ተመርታ ነው። ነጠላዋን ግንባሯ ላይ ዝቅ አድርጋ አስራለች። እኔ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሜ «እማዬ» ስላት ፊቷን ወደ ሌላ ሴት አዞረችና፣ «መጣሽልኝ ልጄ?» አለቻት።

ቤት አልገባንም፤ ከመናኸሪያው በቀጥታ ወደ ዓይን ሐኪም ሄድን። ሐኪሟ በትንሽ መብራት ቀኙንም ግራውንም ረዘም አድርጋ አየች። እናቴን በትሕትና ነበር የምታናግራት።

«ቀኙ ማየት ካቆመ ስንት ጊዜ ሆነው፣ እናቴ?»

«ዓመት አለፈው» አለች እናቴ። ለእኔ ሳይሆን ለሐኪሟ ነው የነገረቻት። ግራው በነዚያ ሁለት ሳምንታት ቆስሎ አመርቅዞ ነበር።

«ጭስ ነው…» አልኩ እኔ።

«ጭስ አይደለም። ትራኮማ ነው። ወደ ውስጥ የታጠፈው ጠጉር ብሌኑን ሲፍቀው ኖሯል። በወረንጦ የተቆረጠው ጉጥ ደግሞ እንደ እሾህ ይወጋል። ብሌኑ ሁሉ ጠባሳ ሆኗል።»

ቀዶ ሕክምናው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠየቅሁ። ሰዓት አይሞላም አለችኝ። ስንት እንደሚያስከፍል ጠየቅሁ። አያስከፍልም፣ በነጻ ነው አለችኝ። ሕመሙን ያስታግስላቸዋል፣ የሄደውን ብርሃን ግን አይመልሰውም አለችኝ። እኔ «በነጻ ነው» የሚለው ላይ ቀርቼ የኋለኛውን በደንብ አልሰማሁትም። በማስመሪያ የሰረዝኩት መስመር ዋጋው ዜሮ ነበር።

ቀዶ ሕክምናው ተደርጎላት፣ ዓይኗ ታሽጎ ቤት ስንገባ እጇን ይዤ ወደ አዲሱ ማድ ቤት አስገባኋት። ግራናይቱን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው።

«ይቀዘቅዛል። መልኩ ምን ዓይነት ነው?»

«ጥቁር ነው። ነጭ ነጠብጣብ አለው።»

«እሰይ! እንዳጠገብሽኝ እግዜር ያጥግብሽ» ብላ መረቀችኝ። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ እኔ ሲንኩን ይዤ ቆሜ አሜን እያልኩ አለቅስ ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ከንፈሬን ነክሼ ነው፤ ለቅሶዬን እንዳታይ መጠንቀቅ እንደማያስፈልገኝ ገና አልለመድኩትም።

ማሸጊያው ከተነሣላት በኋላ ቁጭ ማለት ሰለቻት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቀሚሷን ሰብስባ ተነሣች።

«ዛሬ ዓሣ ልጥበስልሽ። ወደ ማድ ቤቴ ውሰጅኝ።»

«ነይ፣ ምድጃውን አሳይሻለሁ…»

«ይኸኛውን አይደለም። ይኸንን አላየሁትም እኮ ልጄ፤ እጄ አያውቀውም። ያኛው ይሻለኛል። እዚያ ሁሉንም በእጄ አውቀዋለሁ። ጨው ከበሩ በስተቀኝ ነው። ዘይቱ ከሥሩ። ከጉልቻው እስከ ውኃው ሁለት እርምጃ ነው። ቀኙ ዓይኔ ከጠፋ ጀምሮ በዳሰሳ አይደል ስሠራ የኖርሁት?»

አልነገርኳትም ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ አፌ አልታዘዘልኝም።

«እማዬ፣ ሸጥሁት» አልኳት። «ማድ ቤቱ የለም። ቆርቆሮውንም አጠናውንም ሸጥሁት።»

እጇ ትከሻዬ ላይ እንዳለ ቆመች። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ እንድትቆጣኝም ፈልጌ ነበር። እሷ ግን አርባ ዓመት ገበያ ውላ የኖረች ሴት ናት።

«ስንት አወጣ?»

«ስምንት ሺህ።»

«በርካሽ ሸጥሽው ልጄ» አለችና፣ ወንበሩን እየዳሰሰች ፈልጋ ተቀመጠች።