የእማዬ ጽዳትና የአባዬ ጣዝማ

ትናንት ከምሳ በኋላ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ ስልኬን ስነካካ አንድ ቪዲዮ መጣብኝ። ስለ ጣዝማ ነው... ስለዚያች መሬት ውስጥ ስለምትኖረው፣ ስለማትናደፈው ትንሽ ንብ። አንዳንድ የውጭ አገር ዘመዶቿ ጎጆ ውስጥ ሻጋታ ይበቅላል፤ እጮቹ የሚያድጉት እሱን እየበሉ ነው፤ ሻጋታው ከጠፋ እነሱም ያልቃሉ ይላል።

ተነስቼ ቁጭ አልኩ። የኛም አገር ጣዝማ እንደዚያ ይሁን አይሁን አላውቅም። ሻጋታውን ግን አውቀዋለሁ። እማዬ ጠርጋዋለች።

ነገሩ የሆነው ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ቀበሌው ገበሬውን ሁሉ ባለ ዘመናዊ ቀፎ ላድርግ እያለ ስብሰባ በሚጠራበት ዘመን። እኛ ከሞላሌ ወጣ ብላ ባለች ደብር አጠገብ እንኖር ነበር፤ አባዬ የደብሯ መሪጌታ ነው። ድምፁ ሲያምር! ግን ደረቱን ያመዋል። ክረምት ሲገባ ሳሉ ይነሳበትና ማኅሌቱን ለሌላ ሰጥቶ ከኋላ ይቆማል። እንደዚያ የሆነ ቀን ቤት ሲመለስ እህል አይቀምስም፤ እኛም አጠገቡ ድምፅ አናሰማም።

ለሳል ደግሞ እንደ ጣዝማ ማር የለም ይባላል። መርሐቤቴ ቆላ ወርዶ የሚያርሰው ታናሽ ወንድሙ፣ ጋሼ ሽፈራው፣ አልፎ አልፎ በብልቃጥ ይልክለታል። ክረምቱ ሳይጋመስ ያልቃል። አንድ ሁዳዴ ላይ ግን ጋሼ ሽፈራው ጎጆውን ከነነፍሱ ይዞ መጣ። በመግቢያ ቀዳዳው ሰንበሌጥ ሰዶ፣ ሰንበሌጡን እየተከተለ ቆፍሮ፣ ከነአፈሩ አውጥቶ ማድጋ ውስጥ አስቀምጦታል።

«ወንድም ጋሼ፣ ከእንግዲህ ማሩ ከቤትዎ ነው» አለው።

ማድጋው ግድግዳው ሥር ተቀመጠ፤ ለንቦቹም ወደ ውጭ መውጫ ተበጀላቸው። አባዬ እንደ ሕፃን ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መጀመሪያ ሰላም የሚለው እኛን አይደለም፣ ማድጋውን ነው። ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጥና ብቻውን ይስቃል። በሚመጣው ክረምት ማኅሌቱን ራሱ ሊመራ ነው።

አሁን እማዬን ላስተዋውቃችሁ። በጽዳት ነገር ከእሷ ጋር ቀልድ የለም። እሷ ቤት በወይራ ያልታጠነ ዕቃ ምንም ነገር አይያዝበትም። የወተቱን ዕቃ ሁሉም ሰው ያጥናል፤ እማዬ የጨዉንም ታጥናለች። እኛን ያላጠነችን ምንም ስለማይያዝብን ይመስለኛል።

ለፋሲካ ቤቱን ስታጸዳ ማድጋውን ከፈተችው። የእጮቹ ትናንሽ ቤቶች ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ አየች። በቃ፣ ፊቷ ተለዋወጠ። መሪጌታ ለመድኃኒት ብለው ይህን ሊበሉ ነው እያለች፣ ጎጆውን በቀስታ ጣባ ላይ አወጣች። ሻጋታውን በዶሮ ላባ ጠረገች፤ እምቢ ያለውን በስንጥር ፋቀች። ማድጋውን አጠበች፣ በወይራ አጠነች፣ ከዚያ መልሳ ከተተቻቸው። ጣዝማ አይናደፍ... ማን ይከልክላት? ለአባዬ በኩራት ስትነግረው መረቃት።

ከግንቦት ልደታ በኋላ ማድጋው ዝም አለ። አባዬ ጆሮውን ለጥፎ ብዙ ቆየ። ሲከፍተው ሁሉም አልቀዋል። እማዬ ከጓዳ አልወጣ አለች።

ጋሼ ሽፈራው ሰምቶ መጣ። ማድጋውን አነሳ፣ አሸተተው፣ ከዚያ ቀና ብሎ እማዬን አያት።

«እትዬ፣ ይሄ ማድጋ...» ብሎ ሲጀምር አባዬ አቋረጠው።

«ብርድ ነው የፈጃቸው፣ ሽፈራው። የኛን ደጋ አልቻሉትም።»

ጋሼ ሽፈራው ወንድሙን አየው። ማድጋውን መልሶ አስቀምጦ፣ አዎ ብርድ ነው፣ አለ። ከዚያ በኋላ አባዬ ለጠየቀው ጎረቤት ሁሉ የሚያወራው ስለ ብርዱ ነው። ጋሼ ሽፈራው ሌላ ጎጆ ላምጣ ሲለው እንኳ ብርዱ እሱንም ይፈጀዋል ብሎ እምቢ አለ። ሳሉ አልለቀቀውም። ክረምት በመጣ ቁጥር ከኋላ እንደቆመ ኖረ፣ እንደዚያው አረፈ። እማዬ ደግሞ እስከ መጨረሻው ጦስኝ እያፈላች ታጠጣው ነበር።

ትናንት ቪዲዮውን ካየሁ በኋላ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የሸፈነላትን እኔ በስተርጅናዋ ልገልጠው? በመጨረሻ ሰላም ልበላት ብቻ ብዬ ሞላሌ፣ እማዬ አሁን ወደምትኖርበት እህቴ ቤት ደወልኩ። ሰላምታው አለቀ... አፌ አላስቻለኝም።

«እማዬ፣ የአባዬ ጣዝማ ትዝ ይልሻል?»

 

«ብርድ ገደላቸው ያሉትን ነው?» አለች። «በግንቦት ፀሐይ ምን ብርድ አለ ልጄ? ሽፈራው ያሸተተውን የወይራ ሽታ እኮ እኔም አሽትቼዋለሁ፤ አፍንጫ አለኝ።»

ታዲያ ማወቅሽን ለምን አልነገርሽውም አልኳት።

«እንዳይከፋኝ ብለው ነዋ። ውሸት የማያውቁበት ሰው፣ ስንት ተጨንቀው ያመጡትን! አፈርስባቸዋለሁ? ጦስኜን ማፍላት ነበር የኔ ፋንታ።»

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩም ሳቅኩም። አባዬ በጣም ናፈቀኝ።

ባሕረ ሐሳብ ሲያሰላ፣ በዓል ከጾም ሲለይ የኖረ ሰው አንዲት ውሸት ዋሸ... እሷንም ወሩን ሳያይ።