አባቴና «ሚስ» የምትባለው ቃል

እናቴ ያረፈች ጊዜ አባቴን ከቡሬ ገጠር አንስቼ ፍኖተ ሰላም አመጣኋቸው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ ደብር ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸው። እኔ ደግሞ እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ቤቴ ሁለት ክፍል ነች፤ አንዷን ለእሳቸው ለቀቅሁ። እዚያ ገጠር ብቻቸውን ቁጭ ብለው እንዳይተክዙ ብዬ ነበር፤ ትካዜው ግን አብሯቸው መጣ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስመው ይመለሱና በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ባጃጅ ሲወጣ ሲወርድ እያዩ ይውላሉ።

«ይብሉ እንጂ አባ» እላቸዋለሁ።

«በላሁ እኮ ልጄ» ይሉኛል። ሳህኑ እንደቀረበ ነው።

ስለ እናቴ አንዲት ቃል አይተነፍሱም። እኔም ፈርቼ አላነሳም። አንድ ቤት ውስጥ ሆነን የአንድን ሰው ስም እየዞርነው እናልፍ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ የሰኞን ትምህርት አዘጋጃለሁ። ትምህርቱ ብዙ ትርጉም ስላላቸው ቃላት ነበር፤ የመረጥሁት «ሚስ» የሚለውን ነው። ስዘጋጅ ለራሴ ድምፄን አውጥቼ የመናገር ልማድ አለኝ።

«ይቺ ሚስ፣ ሚስ የምትያት ልጆቹ አንቺን የሚጠሩባት አይደለችም?» አሉኝ ድንገት። እኔ ዘንድ ከመጡ ወዲህ በራሳቸው ፈቃድ አንድ ነገር ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነበር።

«እሷም አለች አባ። ግን ሌላም ብዙ ትርጉም አላት።»

«እስቲ ንገሪኝ።»

ነገርኋቸው። አውቶቡስ ጥሎን ሲሄድ ሚስ አደረግነው እንላለን። የወረወርነው ድንጋይ ሲስትም ሚስ ነው። ከክፍል የቀረ ተማሪም ሚስ አደረገ ይባላል። ከዕቃ መካከል አንዱ ቢጎድል፣ ሰው ሲያወራ አንዷ ቃል ብታልፈን፣ ያም ከዚያው የወጣ ነው።

«ማምለጥ፣ መሳት፣ መቅረት፣ መጉደል» አሉ ጣታቸውን እያጠፉ። ዓይናቸው ውስጥ ተማሪ ጥሩ ቅኔ ሲዘርፍ የማውቀው ንቃት ብልጭ አለ። «እኛ ለየብቻ ቃል የሰጠነውን እነሱ በአንድ ቋጠሩት!»

«ገና አንድ ይቀራል» አልሁ ደስ ብሎኝ፣ ሳላስብበት። «ሰው ሲናፍቃቸውም ይቺኑ ቃል ነው የሚሉ።»

ጣታቸውን ማጠፉን ተዉት። ምነው ባልተናገርሁ አልሁ በልቤ። አንድ ባጃጅ እየጮኸ አለፈ። አባቴ መንገዱን እያዩ ቀስ ብለው፣ «ይቺ ቃል ለራሷም ጎድሏታል ልጄ» አሉ።

«ምን ጎደላት?»

«አንዲት ፊደል። ‹ት› ቢጨመርላት ሚስት ነበረች።»

ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አባቴ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም፤ በቀብሯ ቀን እንኳ ሰውን ሲያጽናኑ ነው የዋሉት። ወንበሬን አስጠግቼ እጃቸውን ያዝሁ፤ እኔም አለቀስሁ።

እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ ስለ እሷ ማውራት ጀመሩ። ሊያገቧት የሄዱ ዕለት በቅሏቸው ወንዝ መሻገሪያው ላይ አዳልጧት ሙሽራውን ጭቃ ውስጥ ጥላቸው ኖሯል። ከነጭቃቸው ደጇ ሲደርሱ ከጓዳ የሴት ሳቅ ሰሙ። «ፊቷን ሳላይ ሳቋን ነው ያገኘሁት» አሉኝ። «ሙሽራ አይስቅም እያሉ ሲቆጧት ጭራሽ ባሰባት።» ይህን ታሪክ ሁለቱም ነግረውኝ አያውቁም ነበር። ያን ማታ አባቴ ያቀረብሁላቸውን ጨርሰው በሉ።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳው ባዶ ነው። ጎረቤቴን ብጠይቃት፣ «ጥምጥማቸውን አድርገው በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄዱ» አለችኝ። ስልካቸው አይነሳም። በሩጫ መናኸሪያ ደረስሁ። አንዱ ረዳት ጠዋት ቡሬ ያደረሳቸው እሱ እንደሆነ ነገረኝ። የሚሄድ መኪና እየፈለግሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

«አትደንግጪ ልጄ። መቃብሯን ልይ ብዬ መጥቼ ነበር። ስመለስ ቡሬ ላይ የመጨረሻውን መኪና ሚስ አደረግሁት።»

ሰው ሁሉ እያየኝ ሳቅሁ። ባለባጃጅ ለምነው ወደ ቤታቸው እንደሚመለሱ ነገሩኝና በማግስቱ ላመጣቸው ሄድሁ።

በርበሬ የሚሰጣበት ወር ነበር፤ ከቡሬ ወጥቶ ወደ ደብሩ የሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር ቀልቷል። ስደርስ አባቴ ግቢያቸው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ ተማሪዎቻቸው ከበዋቸዋል። ወደ ሌላ መምህር ሄደው ይሆናል ያልኋቸው ልጆች ከነጎጇቸው አሉ። አባቴ የቅኔው ቤት ያልገጠመለትን አንዱን «ቤቱን አፈረስኸው! እንደገና!» እያሉ ይቆጡታል። አጠገባቸው በተማሪዎቹ የተጋገረ ቂጣ አለ፤ በመካከሉ እየቆረሱ ይጎርሳሉ። ቆሜ አየኋቸው። እኔ ቤት ስለምናቸው የከረምሁት ሰው አልመስል አሉኝ።

ካየሁት በኋላ «እንሂድ» ማለት አቃተኝ። እሳቸው ናቸው የቀደሙኝ።

«አንቺ ዘንድ አልከፋኝም፤ እንዲያውም ተንከባክበሽኛል» አሉኝ። «ግን እዚያ እናትሽ ያልኖረችበት ቤት ነው፤ ብፈልጋት አጣታለሁ። እዚህ ወንበሯን አያለሁ፣ ደጇን አያለሁ፤ ትናፍቀኛለች። መናፈቁ ይሻለኛል።»

«ብቻዎን እንዴት ይሆናሉ አባ?»

«ይህን ሁሉ መንጋ ይዤ ብቻዬን?» አሉና ተማሪዎቹን በአገጫቸው አሳዩኝ። ልጆቹ ሳቁ። አባቴም ሳቁ።

ተውኋቸው። ልብሳቸውን በሌላ ቀን አደረስሁላቸው።

አሁን ትምህርት በማይኖረኝ ቅዳሜ ሁሉ እሄዳለሁ። ሳሙና፣ ስኳር፣ የዓይን ጠብታቸውን እይዛለሁ፤ እሳቸው ግን ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቁኝ «ምን ቃል አመጣሽ?» ብለው ነው። ያለፈው ቅዳሜ «ላይት» የምትለዋን ወሰድሁላቸው፤ ብርሃንም ናት፣ ሸክም የማይከብድ ሲሆንም ይቺው ናት አልኋቸው። አባቴ ተማሪዎቹን ጠሩና «ብርሃን የሚቀልለው ለማን ነው? የሚከብደውስ?» ብለው ጥያቄውን ሰጧቸው። ልጆቹ ራሳቸውን ይዘው በየጥጉ ተበተኑ። እኔና አባቴ የመጀመሪያው መልሱን ይዞ እስኪመጣ ድረስ ጎን ለጎን ተቀምጠን ፀሐይ ሞቅን።