ከአዲስ አበባ የመጣው ባለ ጓንት

ልጄ ቤዛ ሰሞኑን ከጓደኛዋ ተውሳ ያመጣችውን መጽሐፍ ስገልጠው የቁንዶ በርበሬ ሽታ ሽው አለኝ። የማን ጓዳ ውሎ እንደመጣ አላውቅም፤ ብቻ ሽታው ሳላስበው ገሳይ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ወደነበረው የአባቴ ቤት፣ ዝናቡ የሣር ክዳኑን እየደበደበ እህቴ ውባለም የተጨማደደ ወረቀት ጉልበቷ ላይ እያስተካከለች ታነብልን ወደነበረበት ክረምት ወሰደኝ፤ የያኔው ፍርሃቴም አብሮ መጣ።

እኔ ከሦስተኛ ክፍል የቀረሁ ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ ዛሬ ደብረ ታቦር ላይ ቤዛ የምታመጣቸውን አስፈሪና ልብ አንጠልጣይ መጻሕፍት ሁሉ፣ ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ፣ ከእሷ ቀድሜ አነባቸዋለሁ። ቤዛ «እማዬ፣ አንቺ እኮ ኬላ ላይ የቆምሽ ፈታሽ ነሽ» እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። በቅርብ ከወጡት ብዙዎቹ ደም ይበዛባቸዋል። አንዱ ላይ በየምዕራፉ ሬሳ ይገኛል፤ በመጀመሪያው ደንግጬ፣ በሁለተኛው አዝኜ፣ ከዚያ በኋላ ግን ሽንኩርት እየላጥኩ «ደግሞ ቀጣዩ የት ይገኝ ይሆን?» ማለት ጀመርኩ፤ የሰው ሞት እንዲህ ከቀለለኝ ያ መጽሐፍ ልቤን አደንድኖታል ማለት ነው። ሌላው ግድግዳው ስለሚንኳኳ የኪራይ ቤት ነው። እስከ መሃሉ ትንፋሼን ይዤ አነበብኩት፤ ከዚያ ደራሲው የሚያንኳኳውን ሰው ከነአባቱ ስም፣ ከነአሟሟቱ ሲነግረኝ ፍርሃቴ በረደ፤ ስሙን ያወቁት ነገር ጎረቤት ይሆናል። ገዳዩ ተይዞ ሥራውን ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚተርክበትም አይዋጥልኝም፤ እኛ አገር የገደለ ሰው ዝም ይላል፣ የሚያወራለት ሌላው ነው።

ከሁሉ የሚከፋኝ የእናቶቹ ነገር ነው። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ እናት ወይ ገና በመጀመሪያው ገጽ ሞታለች፣ ወይ አብዳለች። በሕይወት ያለች፣ ልጇ የት እንደዋለች የምትጠይቅ እናት ብትኖር ታሪኩ ሳይጀመር ያልቅባቸው ይሆናል። የወደድኩት አንድ አለ፤ ልጇ ከትምህርት ቤት የዘገየችባት ሴት መንገድ መንገዱን ስታይ የምትውልበት ነው። ደም የለበት፣ መንፈስ የለበት፣ እሱን ግን መሃል ላይ አስቀምጬ በር ላይ ወጥቼ ቤዛን አይቻለሁ።

የመጀመሪያው ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ቤታችን የገባው ጨው ተጠቅልሎበት ነበር። ገሳይ ላይ ሱቅ የነበራቸው ጋሼ እንድሪስ አሮጌ መጽሐፍ ከከተማ በኪሎ እየገዙ፣ ገጹን እየገነጠሉ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይጠቀልሉበት ነበር። በክረምት ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ የጉና ተራራ ጭጋግ እስከ ደጃችን ወርዶ ሲውል፣ እናቴ ከገበያ ስትመለስ ውባለም ጥቅሉን ቶሎ ትፈታና ወረቀቱን አራግፋ ታነብልን ነበር። ታሪኩ አዲስ አበባ ውስጥ ጥቁር ጓንት አጥልቆ ሰው እያነቀ ስለሚገድል ሰውዬ ነበር። ገጹ በተራ ስለማይመጣ አንድ ገበያ ታንቃ የሞተችው ሴት በሚቀጥለው ገበያ ተነስታ ሻይ ትጠጣ ነበር። አባቴ «ይቺ ሴት ተቀብራ አልነበረም እንዴ?» ብሎ ይገረማል፤ ውባለም «አባ፣ ይኼ ከመሞቷ በፊት ያለው ነው» ትለዋለች፤ እሱም «እንግዲያው ንገሪያትና ትሽሽ!» ብሎ እኛን ያስቀን ነበር። እናቴ ግን አትስቅም። እንዝርቷን እያሾረች ወረቀቱን በጎን ታየዋለች።

ነሐሴ ላይ የመጣው ገጽ ከሁሉም የባሰ ነበር። አንዲት ሴት ብቻዋን ቤቷ ተቀምጣ በሩ ይንኳኳል፣ ባለ ጓንቱም ከውጭ ሆኖ «ቁልፉን ስጪኝ» ይላታል፣ ገጹም እዚያ ላይ ያበቃል። ውባለም እንቅልፍ አጥታ ሰነበተችና በገበያው ቀን እኔን አስከትላ ጋሼ እንድሪስ ዘንድ ሄደች።

«ምን ልስጥሽ ልጄ፣ ጨው ነው?»

«የለም ጋሼ፣ ሴትዮዋ በሩን ትከፍትለት እንደሆነ ብዬ ነው።»

ጋሼ እንድሪስ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡና «እሷንማ ዛሬ ጧት ከጉና የመጡ ሰዎች ዝንጅብል ጠቅልዬባት ወሰዷት። ምነው ቀደም ብትዪ!» አሏት።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤት ሲከፈት ውባለም ስድስተኛ ክፍል ገባች፣ እኔም ሦስተኛ። አባቴ ስድስተኛን ካለፈች ደብረ ታቦር ቤት ተከራይቶላት ሰባተኛ ክፍል ሊያስገባት ቃል ገብቶ ነበር፤ ውባለምም ከዚህ ቃል ሌላ የምትኖርለት ነገር አልነበራትም። እናቴ ግን ሴት ልጅ ብቻዋን የሰው ቤት ማደሯ ገና ሳይሆን ያስጨንቃት ነበር። እንግዲህ በዚያው ሰሞን ነው ውባለም ጎህ ሲቀድ «መጣ! ጓንቱን አጠለቀ!» እያለች እየጮኸች መንቃት የጀመረችው። አብሬያት ስለምተኛ ስትንቀጠቀጥ መደቡ ራሱ የሚንቀጠቀጥ ይመስለኝ ነበር። ምንጭ ብቻዋን መውረድ ተወች፤ በጭጋጉ ውስጥ የሚመጣ ሰው ባየች ቁጥር መጀመሪያ የምታየው እጁን ነበር። እናቴ ግንባሯን ዳሰሰች፣ ጎረቤት አማከረች፣ በመጨረሻም «ልጄን ለክፏታል» አለች። ጤና ከሌላት ደግሞ የደብረ ታቦሩ ነገር አበቃለት፤ ይኼን ውባለምም፣ እኔም እናውቅ ነበር።

ኅዳር ላይ ገብሱ እየታጨደ አባቴን ከእርሻው ትተን ሦስታችን ጠበል ወረድን። የሚያጠምቁት መምሬ ታከለ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ገደል የሚያስተጋባ ቄስ። ውኃው ከአለት ላይ እየወረደ ውባለምን ሲመታት ትንፋሿ ቆረጥ ቆረጥ ይል ነበር። መምሬ መስቀላቸውን ራሷ ላይ አድርገው «ማን ነህ? ተናገር!» አሉ። ውኃው ቀጠለ። «ማን ነህ?»

«ባለ ጓንቱ!» ብላ ጮኸች።

ሕዝቡ ተንሾካሾከ። «ከየት መጣህ?»

«ከአዲስ አበባ!»

ከኋላዬ አንዲት ባልቴት «ኧረ በሥላሴ! የእኛዎቹ ሳያንሱ!» ብለው አማተቡ።

«ምን ትፈልጋለህ?» አሉ መምሬ።

«ቁልፉን!»

ይኼኔ እናቴ ከአንገቷ ላይ የሳጥኗን ቁልፍ ከነክሩ በጥሳ፣ ከነልብሷ ውኃው ውስጥ ገብታ፣ «ይኸው ውሰድ! ቀሚሴም አለ፣ የክት ነጠላም አለ፣ ሁሉንም ውሰድና ልጄን ልቀቅ!» እያለች ለእህቴ ዘረጋችላት። ውባለም ቁልፉንና እናቴን አፈራርቃ አየችና ማልቀስ ጀመረች። እኔ አላስችል ስላለኝ «መምሬ፣ እሱ እኮ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰውዬ ነው! ጨው የመጣበት!» አልኩ። እናቴ «ዝም በይ አንቺ!» አለችኝ፤ መምሬ ግን መስቀላቸውን አነሱና «የምን ጨው?» አሉ።

ውባለም ኋላ እንደነገረችኝ፣ መልስ ካልሰጠች ውኃው የሚቆምላት አልመሰላትም፤ ስሙን የምትጠራው ሌላ አስፈሪ ደግሞ አታውቅም ነበር።

በማግስቱ እናቴ ወረቀቶቹን በእጇ ሳትነካ በእንጨት ገፍታ ቁና ውስጥ ከትታ፣ ይቃጠሉ ብላ ወሰደቻቸው። መምሬ ጽድ ሥር ተቀምጠው አንዱን አነሱ፣ ከዚያ ሌላውን። የሚጠመቀው ሰው ይጠብቃቸዋል፣ እሳቸው ያነባሉ። ቆይተው ቀና አሉና ውባለምን «በሩን ከፈተችለት?» አሏት።

«አላውቅም መምሬ። ቀጣዩን ጋሼ እንድሪስ ዝንጅብል ጠቅልለውበት ሸጡት።»

«አይ እንድሪስ!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው «ልጅሽ ደህና ናት። ይኼ ጋኔን አይደለም፣ ልብ ወለድ ነው። ሰውዬውን የፈጠረው ሰው ነው» አሏት።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ «እግዜር ያልፈጠረው ሰውዬ ከሆነ መምሬ፣ ጋኔን ማለት እሱ አይደለም እንዴ?» አለቻቸው። መምሬ ሳቁ፤ እናቴ ግን ቀልዷን አልነበረም።

የመምሬን ቃል አባቴ ስለሰማ ውባለም ትምህርቷን ቀጠለች፤ ጩኸቷም ቀስ በቀስ ተወት አደረጋት። ጥር ላይ የሰርጉ ዘፈን በየመንደሩ ሲሰማ እናቴ አንድ ጧት ደብተሬን ከእጄ ተቀብላ መደርደሪያ ላይ ሰቀለችው። አባቴ ሊናገር ሲል «አንዷን መምሬ አስጥለውኛል። ሁለተኛዋን ለፊደል አልሰጥም» አለችው። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። ፀጉሬን እየዳበሰች ነበር የተናገረችው፤ በዚያ ዕለት ከሁሉ ቀን አብልጣ ወዳኝ ነበር። በእጇ ያለሁትን እኔን ማዳኗ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም።

ውባለም ዛሬ ይፋግ ከተማ አስተማሪ ናት። ዓመት በዓል ስትመጣ ከቤዛ ጋር ስለ መጻሕፍት ሲከራከሩ አዳምጣለሁ፤ አንዳንዴም እገባበታለሁ፣ እነሱም ዝም ብለው ይሰሙኛል።

ይኼን ሁሉ ያስጻፈኝ ያለፈው ሳምንት ነው። ያን ከጓደኛዋ የተዋሰችውን መጽሐፍ ለአንድ ጊዜ ከእኔ ቀድማ ጀምራው፣ ቤዛ ጧት እየጮኸች ነቃች፣ ላብ አጥምቋታል። «ምንም አይደለም እማዬ፣ መጽሐፉ ነው» ብላ ፊቷን ታጥባ ትምህርት ቤት ሄደች። እኔ ግን እጄ ሳላዘው መጽሐፉን አንስቶ ጤፉ ውስጥ ቀበረው። ቀኑን ሙሉ ሥራ አልያዝልሽ አለኝ። የእናቴ እጅ ከየት መጥቶ እኔ ላይ እንደበቀለ እያሰብኩ ተቀመጥኩ፣ ከዚያ ጤፉን አራግፌ አወጣሁትና ማንበብ ጀመርኩ። ከእስካሁኖቹ ሁሉ ጥሩው እሱ ነው፤ የሚያስፈራውን ነገር አንዴም አያሳይም፣ ሰዎቹ ግን እርስ በእርስ መተያየት ይፈራሉ። ምሳዬን ረሳሁ። በጠራራ ፀሐይ በሩን ቀረቀርኩ።

እናቴ ፊደል ስለማትለይ ወረቀቱ ምን እንደሚል ማየት አትችልም ነበር፤ የማታየውን ፈርታ ደብተሬን ዘጋችው፣ እኔም ለዓመታት አዝኜባት ኖሬያለሁ። እኔ እስከ መጨረሻው አንብቤው ፍርሃቴ አልቀነሰም፣ እንዲያውም ቤዛን ምን እንደሚያስፈራት ስላወቅሁ ጨመረ። ዛሬ እናቴ ከድሮው ይበልጥ የገባችኝ ይመስለኛል። ቤዛ ልትመጣ ስትል መጽሐፉን ጠርጌ ትራሷ አጠገብ አስቀመጥኩት፣ ወደ ጓዳም ልሄድ ተነሳሁና መልሼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት።