ለቅሶ ያልደረስንበት ቤት

«የናሓሉን ቪላዎች አንቺ አትነኪያቸውም። አንቺን የቀጠርኩሽ ለብሎኮቹ ነው» አለችኝ ኤቲ። ገና ቦርሳዬን እንኳ አላስቀመጥኩም ነበር።

ኤቲ የደላላው ቢሮ ባለቤት ናት። ቢሮው እዚህ እስራኤል፣ ረሖቮት ከተማ ዋናው መንገድ ላይ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ነው። እኔ ከሠራዊት ከወጣሁ ብዙ አልቆየሁም ነበር፤ የደላላነት ፈተናውን አልፌ ፈቃዴን በፕላስቲክ አስለብጬ ይዤ ነበር። «ለምን?» አልኳት። «ናሓሉ ዳር የሚገዛ ሰው ዕድሜ ያለው ደላላ ነው የሚፈልገው» አለች። ሌላም ምክንያት ነበራት፤ እኔ የኢትዮጵያ ልጅ ነኝ። እኔም አውቀዋለሁ፣ እሷም ታውቀዋለች። «ቤሰደር፣ እሺ» ብዬ መሰላሉን ተሸክሜ ወጣሁ።

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ሰሌዳ መስቀል ነበር። መሰላል፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ መቁረጫ። «ይሸጣል» የሚለውን በረንዳ ላይ እያሰርኩ ዋልኩ፤ ማታ ጣቶቼ ተላልጠው ነበር። በእኛ ሥራ ከታች ያለው ሰሌዳ ሰቃይ ነው። ከእሱ በላይ በር እያንኳኳ የሚሸጥ ቤት የሚያመጣው አለ። ከሁሉም በላይ ያለው ቢላዲዩት ያለው ነው፤ ቢላዲዩት ማለት ባለቤቱ «ቤቴን አንተ ብቻ ሽጥልኝ» ብሎ የሚፈርመው ወረቀት ነው። ያንን የያዘ ደላላ ቢሮ ውስጥ ድምፁ ይወፍራል።

ኤቲ ሥራውን አስተምራኛለች፣ አልክዳትም። ከገዢው ቀድመሽ ድረሺ። መጋረጃውን ሁሉ ክፈቺ፣ መብራቱን ሁሉ አብሪ። ኩሽና በር ላይ አትቁሚ፣ ኩሽናው አንሶ ይታያል። ገዢው ባለቤቱ ፊት ቤቱን አያመስግን፣ ያመሰገነ ቀን ዋጋው ይጨምራል። «ደግሞ ስለ ሞት አታውሪ» ትለኝ ነበር። «ለምን ይሸጣል ካሉሽ ቤቱ ሰፍቷቸው ነው በይ። ሞት የገባበት ቤት አይሸጥም።»

ሁለት ዓመት ያህል ሻዓራይም በሚባለው ሰፈር ባሉት የፎቅ ብሎኮች ሠራሁ። የእኛ ሰዎች ቤት ሊያዩ ሲመጡ ብቻቸውን አይመጡም። አንዴ ለአንድ ሙሽራ ባለ ሦስት ክፍል ላሳይ ብዬ አጎቶች፣ አክስቶች፣ የአጎት ሚስቶች ደረጃውን ሞልተው ወጡ። ባለቤቱ በበሩ ቀዳዳ አይቶ፣ «ሰላማዊ ሰልፍ ነው?» ብሎ ስልክ ደወለልኝ። «የሙሽራው ወገን ነው፣ ክፈት» አልኩት። ከፈተ። ከአጎትየው ጋር እስካሁን ይደዋወላሉ።

ግን ባለሁበት መቀመጥ አልወድም። የተከለከልኩት ነገር ደግሞ እግሬን ይበላኛል። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ወደ ናሓሉ ወረድኩ።

ናሓል የምንለው ወንዙን ነው፤ ወንዝ ከተባለ። ዝናብ ሲጥል ቡናማ ውሃ ይወርድበታል፣ በሙቀቱ ወራት ሸምበቆና የብስክሌት መንገድ ብቻ ነው። ከሁለቱም ወገን ባለው ተዳፋት ላይ ግን የድሮ ሰዎች የሠሯቸው ሰፋፊ ቤቶች አሉ። ድሮ የብርቱካን እርሻ ነበር ይላሉ። ዛፎቹ ከጣሪያው በላይ ናቸው፣ መኪና አይሰማም። እዚያ የገባ ሰው አይወጣም፤ ቤት የሚሸጠው ሰው ሲሞት ወይም ሲፋታ ነው።

በር አንኳኳሁ። አንዱ ከፈተልኝ፤ ዮራም ይባላል፣ ጡረታ የወጣ የውሃ መሐንዲስ። ሚስቱ ሐና ከሞተች ጥቂት ወራት ሆኗታል። ልጆቹ «ሽጥና እኛ አጠገብ ና» እያሉ ይጨቀጭቁታል። ቤቱን እያዞረ አሳየኝና «እንዴት ነው?» አለኝ። «ቤቱ ጥሩ ነው፣ መታጠቢያ ቤቱ ግን ያስጠላል» አልኩት። ሳቀ። «ከአንቺ በፊት የመጡት ደላሎች መታጠቢያ ቤቱንም አደነቁልኝ» ብሎ ቢላዲዩቱን ፈረመልኝ።

ኤቲ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። «ያላ፣ ይሁን፣ እናያለን» አለች።

ገዢም አላጣሁም። አስማማው የኤሌክትሪክ ካብላን ነው። በቤኤር ያዕቆብ የሚሠሩትን አዳዲስ ሕንፃዎች ኮንትራት ወስዶ ሽቦ የሚዘረጋው እሱ ነው። ሚስቱ ዝናሽ ነርስ ናት። እናቱን እማማ ዘውዴን ከብሎኩ አውጥቶ አብረው የሚኖሩበት፣ ደረጃ የሌለው ክፍል ያለው ቤት ከፈለገ ቆይቷል። አሮጊቷ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሊፍቱ ደግሞ በሳምንት ሁለቴ ይበላሻል። «የሺ፣ ይሄ ነው» አለኝ አስማማው ፎቶውን ሲያይ። «እናቴ እዚህ ትኖራለች።»

ሦስቱን ይዤ ሄድኩ። መኪና ውስጥ ሕጉን ነገርኳቸው፤ ባለቤቱ ፊት ቤቱን አታመስግኑ፣ ዝም ብላችሁ እዩ። ስለ ሐና ምንም አላልኩም። «ለምን ይሸጣል?» አሉኝ፣ «ሰፍቶት» አልኩ።

እንደነገርኳቸው አደረጉ። አስማማው የራሱን የሌዘር ሜትር አውጥቶ ግድግዳ ይለካል። ዝናሽ ቁም ሳጥን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ዮራም ከኋላ ከኋላ እየተከተለ «ይሄን መስኮት እኔ ነኝ የገጠምኩት፣ ይሄ የሐና ክፍል ነበር» ይላል። ማንም አይመልስለትም። እማማ ዘውዴ እስከ ሳሎኑ ድረስ ገብተው ነበር። የሴት ፎቶ አጠገብ የምትነድ ሻማ አዩ። መነጽርም አጠገቡ ተቀምጧል። ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ሳብ አድርገው ተመልሰው ወጡና በሩ ላይ ቆሙ። ጉልበታቸው ነው አልኩ።

ማታውን ዮራም ደወለ። «ለእነዚያ ሰዎች አልሸጥም» አለ።

«ምን አደረጉህ?»

«ምንም! ምንም አላሉኝም። ጋራዥ የገቡ ይመስል ዞሩብኝ። አሮጊቷ ደግሞ ቤቴ ሸታት መሰለኝ፣ ወጣች። በቢሮሽ በኩል ከጎረቤት ከተማ፣ ከነስ ጺዮና የመጡ ባልና ሚስት አሉ፣ ዋጋ ጨምረው ሰጥተውኛል። ሐሙስ መልስ እሰጣቸዋለሁ።»

ኤቲ ስትሰማ አልጮኸችም። መጮህ ይሻል ነበር። «ብሎኮቹ ይሻሉሻል አላልኩሽም?» አለችኝ።

በነጋታው አስማማው ቤት ሄድኩ። ሊፍቱ ተበላሽቷል፣ በደረጃ ወጣሁ። የሆነውን ነገርኳቸው። አስማማው ራሱን ያዘ። «እናቴ የወደደችውን ነገር አታመሰግንም፤ ዓይን ትፈራለች። በጣም ስለፈለገችው እኮ ነው ዝም ያለችው! ይሄን ንገሪው።»

«ማነው ይሄን የነገረህ?» አሉ እማማ ዘውዴ ከሶፋው ላይ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የሺ፣ ያቺ ፎቶዋ ያለችው ማን ናት?»

«ሚስቱ ናት፣ እማማ።»

«ሞታለች?»

«አዎ፣ ሞታለች።»

«እያወቅሽ ነው የወሰድሽን?»

«ሥራ ነው እማማ። ስለ ሞት አይወራም፣ ቤቱ አይሸጥም።»

«አይ ሥራ! ሐዘን ቤት ገብተን፣ እግዜር ያጥናህ ሳንለው፣ ግድግዳ ስንለካ! እኔ እኮ በሀፍረት ነው የወጣሁት። ሰው ምን ይለናል?»

«እማ፣ እነሱ በልማዳቸው ሰባት ቀን ለሐዘን ተቀምጠው ጨርሰዋል። ወራት አልፎታል» አለ አስማማው።

«እሱ ይጨርስ። እኔ አልደረስኩትም። ለእኔ የሞተችው ትናንት ነው፣ ሻማዋን ያየሁ ለት። ለቅሶዋን ሳልደርስ ያን ደጅ ዳግመኛ አልረግጥም። ቤቱም ይቅር።»

ዝናሽ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። እማማ ዘውዴ ያሉትን የሚያስለውጥ ሰው እዚያ ቤት የለም። ለቅሶ ደራሽ ሊጠሩ ተነሥተው የጎረቤት በር ማንኳኳት ጀመሩ።

ሐሙስ ጠዋት ሽንብራና ስንዴው ተቀቅሎ፣ ንፍሮው በትልቅ ሳህን ተሸፍኖ ጠበቀኝ። ሦስት ጎረቤቶቻቸው ነጭ ነጠላ ዘቅዝቀው ለብሰው ታች ቆመዋል። የአስማማው መኪና የሥራ ነው፣ ከኋላ መቀመጫው ትንሽ ነው፤ ሁለቱ በኬብል ጥቅል መሃል ተቀመጡ። «ቀስ በል፣ ንፍሮው!» ይላሉ በየመታጠፊያው። አንዷ፣ «ለቅሶ ነው ወይስ ኤሌክትሪክ ልንዘረጋ ነው?» ብላ ሁሉንም አሳቀች። እማማ ዘውዴ፣ «ዝም በሉ፣ ደርሰናል» አሉ።

ለዮራም አልደወልኩለትም። ብደውል ምን ልለው ነው?

በሩ ላይ ሲደርሱ እንደ አገራቸው አደረጉ። ከውጭ ጀምረው፣ በዝግታ፣ ድምፅ እያወጡ አለቀሱ። ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው፤ ከማዶ ውሻውን የሚያናፍስ ሰውዬ ቆመ። ዮራም በሸበጥ ሮጦ ወጣ።

«ምን ሆነ? ማን ሞተ?»

«ሚስትህ» አልኩት።

አየኝ። ሴቶቹን አየ። እኔም ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። «ባለፈው ስንመጣ አልነገርኳቸውም ነበር» አልኩት። «ሳይነገራቸው ቤትህ ስለገቡ አፍረዋል። ዛሬ ለሐና ነው የመጡት።» በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳውን ተጠግተው ተቀመጡ። እማማ ዘውዴ አጠገቡ ተቀምጠው፣ «እግዜር ያጥናህ፣ ልጆችህን ያኑርልህ» አሉት። ተረጎምኩ። ቀጠሉ፤ «ታማ ቆየች ወይስ ድንገት ነው?»

«ቆየች» አለ።

«ማን አስታመማት?»

«እኔ።»

«ብቻህን?»

ይህኛው ጥያቄ አፉን አስከፈተው። ከጀመረ በኋላ አላቆመም። በሌሊት እንዴት እንደሚያገላብጣት፣ ምግብ ሲያቅታት የትኛውን ሾርባ ትቀበል እንደነበር፣ በመጨረሻው ሳምንት መስኮቱን ክፈትልኝ ብላ ሸምበቆውን ስትሰማ እንደዋለች። የዕብራይስጡን አማርኛ እያጣሁ፣ አንዳንዱን በእጄ እያሳየሁ ተረጎምኩ። ሴቶቹ «እህህ» ይላሉ፣ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። አንዷ ንፍሮውን በመዳፏ ዘግና ሰጠችው። «ጨው የለውም» አለኝ። «በለቅሶ የለውም» አልኩት። በላው። ሲጨርስ እንዲጨመርለት እጁን ዘረጋ።

«ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ መቼ እንደምሸጥ ነው» አለ። «እንዴት እንደሞተች የጠየቀኝ የለም።»

ስልኬ ጠራ። ኤቲ ነበረች። እንደገና ጠራ። የነስ ጺዮናዎቹ መልስ እየጠበቁ ነው። አስማማው በሩ አጠገብ ሆኖ በዓይኑ ይለምነኛል፤ ንገሪው፣ አሁን ስለ ቤቱ ንገሪው ይላል።

«ምንድን ነው እሱ የሚጮኸው?» አሉ እማማ ዘውዴ።

«ከቢሮ ነው። ስለ ቤቱ።»

«ዛሬ የቤት ወሬ የለም። በይው፤ ቤትህን ለፈለግኸው ሽጥ፣ እኛ ዛሬ ለቤት አልመጣንም።»

አስማማው ዓይኑን ጨፈነ። አሳጥሬ ላልፈው እችል ነበር። ዕብራይስጥ የማይሰሙ አሮጊት ናቸው፣ ማን ያውቅብኛል? ግን እንዳሉት ተረጎምኩት፣ ቃል በቃል። ዮራም ሰማና ለእማማ ዘውዴ ውሃ ሊያመጣ ተነሣ።

አሁን ቢሮአችን ሰሌዳ የሚሰቅሉ ሁለት አዳዲስ ልጆች አሉ። የምነግራቸው ይህን ነው፤ የእኛን ሰው ወደ ሐዘን ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት ማን እንደሞተ ንገሩት። ኤቲ አትወደውም፤ እኔ እነግራለሁ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ሊነሡ ሲሉ ዮራም በሩ ድረስ ሸኛቸው። እጃቸውን አንድ በአንድ ጨበጠ። የእማማ ዘውዴን እጅ ይዞ ወደ እኔ ዞረ።

«ያልዳ፣ አንቺ ልጅ፣ ለነስ ጺዮናዎቹ አይሆንም በያቸው። ልጇ እሁድ ጠበቃውን ይዞ ይምጣ። ዋጋው ግን ያው ነው፣ አልቀንስም።»

አስማማው ግድግዳውን ተደገፈ።

«ምን አለ?» አሉኝ እማማ ዘውዴ።

ነገርኳቸው።

«ዛሬ የቤት ወሬ የለም አላልኩሽም?» ብለው እጃቸውን አወናጨፉብኝ። «ሂጂ፣ ውጪ!»

ቦርሳዬን አነሣሁና ወጣሁ።