ሦስት በርሜል ናፍጣ

ባለፈው ሳምንት ቡታጅራ ላይ ነዳጅ ልቀዳ ተሰለፍኩ። ሰልፍ ስላችሁ የምታውቁት ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ጭራው ቡኢ ደርሶ፣ እዚያው ምሳውን በልቶ ሊመለስ ያሰበ ይመስል ነበር። ከፊቴ የነበረው ባለባጃጅ ስልኩን ሲጎረጉር ቆየና ዞር ብሎ፣ «ፋዘር፣ ማዶ መርከብ ስለቆመ እኮ ነው እኛ የቆምነው» አለኝ። የትኛው ማዶ፣ የትኛው መርከብ እንደሆነ እሱም አላወቀ፣ እኔም አልጠየቅኩት። እግሬ ግን አላርፍ አለ። ከመኪናው ወረድኩ፣ ጎማውን ረገጥኩ፣ ገባሁ፣ ደግሞ ወረድኩ። ሰው ሃምሳን ሲያልፍ ይሰክናል የሚባለው ውሸት ነው። እኔ ደግሞ ናፍጣ ጠፋ ሲባል የማያስቀምጠኝ የቆየ ምክንያት አለኝ።

ኢራቅ ኩዌትን የወረረች ጊዜ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ የምንኖረው ወልቂጤ ነው። የወልቂጤ ሰው ኩዌት የምትባል አገር መኖሯን የሰማው በዚያው ሳምንት ይመስለኛል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ስለ አሚሯ እንቅልፍ የሚጨነቅ ሁሉ ነበር። እኛ የራሳችን ጦርነት በቅቶን ነበር። የሰሜኑ ጎረምሳውን እየለቀመ ሲወስድ፣ የዓረቦቹ መጣና ናፍጣውን ወሰደ። ይህንን ለእናቴ ሳስረዳት፣ «ታዲያ ምን ቀራቸው? ድንጋዩንም ይውሰዱት!» አለችኝ።

አባቴ ሳህሌ፣ ኤንትሬ የምትባል አሮጌ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በዚያ ዘመን ሾፌር ሲያስነጥስ ሻይ ቤት ያለው ሰው በሙሉ «ይማርህ» ለማለት ይሽቀዳደም ነበር። የሾፌር ተቃራኒ ደግሞ ባለጋሪው ሽረፋ ነው። አባቴ መስኮቱን ከፍቶ፣ «ሽረፋ! ፈረስህን አውጣልኝ! መንገድ የሞተር ነው!» ይለዋል። ሽረፋም ጋሪውን ወደ ቦዩ እየሳበ፣ «እሺ ሾፌር፣ ፈረሱም ሰምቷል» ይላል።

ናፍጣው ሲጠፋ ከተማው ተገለበጠ። ኤንትሬ ደጃችን ላይ ቆመች፤ ዶሮዎቻችን ሞተሯ ሥር እንቁላል መጣል ጀመሩ። ጋሪ ነገሠ። እህል፣ ሲሚንቶ፣ በሽተኛ፣ ሙሽራ ሁሉ በሽረፋ ጋሪ ሆነ። ከጎንደር የመጡት የሂሳብ መምህራችን፣ ለርዕሰ መምህሩ እንኳ ባርኔጣ የማያነሡት ሰውዬ፣ ሽረፋን ሲያዩ ያነሡ ጀመር። ፈረሱ ዳማ በበኩሉ ሰላምታ መመለስ አቆመ።

አባቴ በየማለዳው ፊቱን ታጥቦ፣ የቆዳ ጃኬቱን ለብሶ፣ የቆመችው መኪና ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። መሪውን ይወለውላል። ይወርድና ይዞራታል፤ ደግሞ ይገባል። ገበያ መውጣት ካለበት በጓሮ ነው። ቤታችን ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። እሱ ሲዞር እኔም እዞራለሁ፣ እናቴም ሁለታችንን እየተራገመች ትዞራለች።

የቀረው አንድ ተስፋ ነበር። ጉራጌ መስቀልን ከተማ ከሚውል ሁለት ዓመት ቢታሰር ይመርጣል። አባቴ በየዓመቱ ጎረቤቱን ሁሉ ጭኖ ቸሃ፣ ከእምድብር ወዲያ ያለው የአባቱ ቤት ይገባል። በዚያ ዓመት ደግሞ አያቴ ታሞ ነበር። «ዘንድሮ መጥተህ ምርቃቴን ካልተቀበልክ ለከርሞ አልጠብቅህም» ብሎ ልኮበታል። አባቴም ለዚህ ጉዞ አንዲት ጀሪካን ናፍጣ አልጋው ሥር አስቀርቶ ነበር፤ ሃያ ሊትር፣ ደርሶ መልስ። ሽታው ከቤት አልወጣ ብሎ ቆጮው ሳይቀር ናፍጣ ናፍጣ ይል ነበር።

ይህቺን ጀሪካን ያስወሰድኳት እኔ ነኝ።

ትምህርት ቤት በር ላይ አንዱ ጓደኛዬ፣ «የሾፌር ልጅ! መኪናችሁ እንቁላል ትጥላለች አሉ፤ ጫጩቷ ባጃጅ ነው ብስክሌት?» አለኝ። በርግጥ ባጃጅ ያኔ አልነበረም፤ ብስክሌት ብቻ ይሆናል ያለው። ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ። «ሞኝ!» አልኩት፣ «እኛ ቤት ሦስት በርሜል ናፍጣ አለ። አባቴ ጊዜ እየጠበቀ ነው።» እምላለሁ፣ ከሆዴ ስትነሣ አንዲት ጀሪካን ነበረች። ጉሮሮዬ ላይ በርሜል ሆነች፤ ከንፈሬን ስትሻገር ሦስት።

በሦስተኛው ቀን ቀበሌዎች መጡ።

«ጓድ ሳህሌ፣ በርሜሎቹን አሳየን» አለ ሊቀ መንበሩ።

«የምን በርሜል?»

ፈተሹ። ጀሪካኗን ከአልጋ ሥር ሲጎትቷት ሊቀ መንበሩ አሸተታትና፣ «ይቺ ናሙናዋ ናት። ዋናውስ?» አለ። ጓሮ ወጥተው እንሰቱ መሀል መቆፈር ያዙ። አንዱ በቅጠል የተሸፈነውን የቆጮ ጉድጓድ አገኘና፣ «እዚህ የተቀበረ ነገር አለ!» ብሎ ጮኸ። ሲከፍተው ሽታው እምድብር ድረስ ሄዷል።

«ግባበት!» አለች እናቴ። «ገና አልበሰለም፤ ከቸኮልክ ግን ብላው!»

ጀሪካኗን ለጤና ጣቢያው ጄኔሬተር ብለው ወሰዷት። አባቴ ለበሽተኛ ነው ሲሉት ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ያን ቀን መኪናዋ ውስጥ አልገባም።

«ሽረፋን እንለምነው» አለች እናቴ ማታ በእራት ላይ።

«እኔ? ከመንገድ ሳባርረው የኖርኩትን ሰው?»

«እንግዲያስ አባትህ ምርቃቱን ለጥጃው ይስጠው!»

አባቴ እጁን ታጥቦ ከእራቱ ተነሣ። እኔ በማግሥቱ ገበያው ዳር ወዳለው የጋሪ ማቆሚያ ሮጥኩ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሼ ሽረፋ።»

«ወአለይኩም ሰላም፣ የሾፌር ልጅ። ከሦስቱ በርሜል አንዱን ልትሸጥልኝ ነው?»

ያኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጨምር ሳልቀንስ እውነቱን ነገርኩት፤ ስለ ጀሪካኗም፣ ስለ አያቴም። ከት ብሎ ሲስቅ ዳማ ደንግጦ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ሳቁ ሲያልቅ፣ «አባትህ ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ» አለ።

«አይመጣም፣ ጋሼ ሽረፋ።»

«አውቃለሁ። አይመጣም» አለና የፈረሱን ጋማ ማበጠር ቀጠለ። አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ።

በመስቀል እርድ ዋዜማ ማለዳ ላይ ደጃችን ኮቴ ተሰማ። ሽረፋ ነው፤ ዳማ ታጥቦ፣ ጋሪው ላይ ሣር ተጎዝጉዞ።

«ሾፌር! ሥራ ቀዝቅዟል፤ ፈረሱ ቆሞ ከሚውል ውሰደው» አለ። በዓመት ውስጥ እንደዚያ ሳምንት ሥራ የሚበዛበት እንደሌለ ዳማ ራሱ ያውቃል። «እኔ ግን ወላሂ የቸሃን መንገድ አላውቀውም፤ አንተው ንዳ» ብሎ ልጓሙን አስጨበጠው።

አባቴ ልጓሙን እያገላበጠ አየው። «በስንት ማርሽ ነው የሚነሣው?» አለ። አልሳቀም።

«ለመነሣቱ ቼ በለው። ማቆሙን እሱ ያስብበታል» አለና ሽረፋ በእግሩ ወደ ገበያው ተመለሰ።

እናቴ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመችውን ቅቤ ታቅፋ ከሁለት ታናናሽ እህቶቼ ጋር ተጫነች፤ እኔ በእግሬ። ጭቃው የጠፈፈበት ወር ስለሆነ የጎማ ቦዩ እንደ ድንጋይ ደርቋል። መንገዱ ጫማውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ አገሩ በሚገባ ሰው ተሞልቷል። አባቴ ስንት ዓመት በአቧራ ሸፍኖት ካለፈው ሰው ጋር ፊት ለፊት ተያየ። ሰላም ሲል ሲል ጉብሬ ሳንደርስ ድምፁ ሰለለ።

ከጉብሬ ወዲያ ዳገት ላይ ዳማ አቃተው። አባቴ ወርዶ ልጓሙን ለእናቴ ሰጠና ከኔ ጋር ከኋላ ይገፋ ጀመር። ጥቂት እንደሄድን ወደኔ ሳይዞር፣ «ሦስት በርሜል ያልከው አንተ ነህ?» አለኝ።

«አዎ።»

«ለማን?»

«ለትምህርት ቤት ልጆች።»

ገፋ። እኔም ገፋሁ።

«ሦስት ብቻ?» አለ።

ቀና ብዬ አየሁት።

«እኔ ሻይ ቤት ለሾፌሮቹ አምስት ብያቸው ነበር።»

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላስታውስም። እጃችን ከጋሪው ላይ ተለቀቀ፤ እናቴ ከላይ፣ «ምን ነካችሁ? ወደ ወልቂጤ እየተመለስን ነው እኮ!» እያለች ጮኸች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባን። አያቴ የአባቴን ራስ በሁለት እጁ ይዞ መረቀው፣ እንትፍ እንትፍ አለበት፣ ቅቤውን ቀመሰ። በጥር፣ ናፍጣው ተመልሶ ሳይመጣ አረፈ።

ቡታጅራ ላይ ሰልፉ ሁለት መኪና ያህል ተንቀሳቀሰ፤ ባለባጃጁ ሞተሩን ሳያስነሳ በእግሩ ገፋው። የሩቅ አገር ጦርነት የጎረቤትን ደረጃ ያገላብጣል፣ ትልቁን ሰው ጋሪ ያስገፋል፤ ይህንን አይቻለሁ። የማላውቀው ሌላ ነው። ቀበሌዎቹን የጠራው የኔ ሦስት ነው ወይስ የአባቴ አምስት? ሻይ ቤቱ ፈርሷል፣ ሾፌሮቹ አልፈዋል፣ እሱም የለም። አንዳንድ ቀን በእርግጥ ብሏል እላለሁ፤ አባቴን አውቀዋለሁና። አንዳንድ ቀን ደግሞ ያቺን አምስት እዚያው ዳገቱ ላይ፣ ፊቴን በጎን አይቶ የፈጠራት ናት እላለሁ፤ አባቴን አውቀዋለሁና።